ጂፒኤዬ ዝቅ ያለ ነው፤ በአሜሪካ ጦር መኮንን መሆን እችላለሁ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ ጦር በመኮንንነት መግባት እየፈለጉ የኮሌጅ ውጤታቸው የሚያሳስባቸው ወጣቶች፣ አንዳንዴም ወላጆቻቸው፣ በተደጋጋሚ ይጽፉልናል። ለዛሬ ስድስት ደብዳቤዎች መርጠናል። መልሶቹ እኩል አይረዝሙም፤ የመጀመሪያውን ሁሉም ቢያነበው ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ፤ ጂፒኤዬ 2.4 ነው። የአሜሪካ ዜጋ ነኝ፣ 25 ዓመቴ ነው። ምድር ጦር በመኮንንነት መግባት እፈልጋለሁ፤ ጓደኞቼ ግን ከ3.0 በታች ፋይልህን አያዩትም ይሉኛል። ተጨማሪ ኮርስ ወስጄ ጂፒኤዬን ባሳድግ ይሻላል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ጓደኞችዎ ተሳስተዋል። ምድር ጦር በኦሲኤስ፣ ማለትም በመኮንንነት ማሠልጠኛው በኩል ለሚያመለክት ሰው 3.0 የሚል አጥር አላስቀመጠም። ግዴታ የሚሟሉት ሌሎች ናቸው፦ እውቅና ካለው ኮሌጅ የባችለር ዲግሪ፣ የአሜሪካ ዜግነት፣ አስቫብ በሚባለው የጦሩ መግቢያ ፈተና ጂቲ የተሰኘው ነጥብ ቢያንስ 110፣ የጤና ምርመራ፣ እንዲሁም ለሲክሬት ደረጃ የደኅንነት ማጣሪያ ብቁ መሆን። ጂፒኤ የሚመጣው ከዚህ በኋላ፣ በውድድሩ ላይ ነው። አመልካቾችን የሚመርጠው የመኮንኖች ቦርድ ፋይልዎን ከሌሎች ጋር ያወዳድራል። ጦሩ በዚያ ዙር ብዙ መኮንን ከፈለገ 2.4 ያልፋል፤ ቦታ ከጠበበ 3.4 ያለውም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ውጤትዎ በሩን አይዘጋብዎትም፤ የቀረው የፋይሉ ክፍል ግን ከሌላው ሰው የተሻለ መሆን አለበት።

ተጨማሪ ኮርስ የሚለውን በቁጥር እንየው። 120 ክሬዲት በ2.4 ማለት 288 ነጥብ ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብተው 12 ክሬዲት ወስደው ሁሉንም ኤ ቢያመጡ 48 ነጥብ ይጨመራል። 336 ለ132 ሲካፈል 2.55 ይሆናል። አንድ ሙሉ ሴሚስተርና የኪስዎ ገንዘብ ያስገኘልዎት 0.15 ብቻ ነው ማለት ነው። ያውም ብዙ ኮሌጆች ዲግሪው ከተሰጠ በኋላ የዲግሪውን ጂፒኤ ይዘጉታል፤ አዲሱ ኮርስ ለብቻው በሌላ ትራንስክሪፕት ይወጣል እንጂ አሮጌውን ቁጥር አይነካውም። ደግመው የወሰዱት ኮርስም እንደዚሁ ነው። ኮሌጁ ኤፉን በቢ ተክቶልዎት ሊሆን ይችላል፤ ማመልከቻው ግን የተማሩበትን ትምህርት ቤት ሁሉ ትራንስክሪፕት ስለሚጠይቅ ኤፉ ይታያል። አንድ ሴሚስተር ተምረው ያቋረጡበትን ኮሌጅ ሳይጠቅሱ መተው ደግሞ ከዝቅተኛ ውጤት የባሰ ጉዳት ያመጣል፤ እንደ መደበቅ ይቆጠራልና።

ይልቅ ትራንስክሪፕትዎን አውጥተው የመጨረሻዎቹን 60 ክሬዲቶች ለብቻቸው ያስሉ። የመጀመሪያው 60 ክሬዲት 1.8፣ የኋለኛው 60 ደግሞ 3.0 ቢሆን አጠቃላዩ ያው 2.4 ነው። ሁለት ዓመት ተደናቅፎ ሁለት ዓመት በደንብ የተማረ ሰው ግን አራቱንም ዓመት 2.4 ላይ ከቆየው ይለያል። ይህን ራስዎ አስልተው በሪዙሜዎ ላይ በአንድ መስመር ይጻፉት፤ ቦርዱ ቁጭ ብሎ አያሰላልዎትም።

ጊዜዎን የሚያውሉበት ዋናው ቦታ ጂቲ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግር ይለዋል። ሪክሩተሩ፣ ማለትም የጦሩ መልማይ፣ «65 አመጣህ» ካለዎት የሚናገረው ስለ ኤኤፍኪውቲ ነው፤ እሱ ከ1 እስከ 99 የሚሄድ፣ ወደ ጦሩ ለመግባት የሚታይ የደረጃ ቁጥር ነው። ለኦሲኤስ የሚፈለገው 110 ከዚያ የተለየ ስሌት ነው። ወደ ጂቲ የሚገቡት የአስቫብ ክፍሎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ ዎርድ ኖሌጅ የተባለው የቃላት ክፍል፣ የአንቀጽ ንባቡ፣ እና አሪትሜቲክ ሪዝኒንግ የተባለው የሒሳብ ክፍል። ስለ ሞተር፣ ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ሳይንስ የሚጠይቁት ጂቲን አይነኩም። ለመኮንንነት የሚዘጋጅ ሰው ስለ ካርቡሬተር ሲያጠና ቢያመሽ ድካሙ ለሌላ ነጥብ ነው።

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ነጥብ የሚያጣው ቃላቱ ላይ ነው። ሒሳቡ ራሱ ከባድ አይደለም፤ የሚያስቸግረው በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ተጠቅልሎ መምጣቱ ነው። ዓይነቱ እንዲህ ነው፦ 80 ዶላር የነበረ ጫማ 25 በመቶ ተቀነሰለት፤ በቅናሹ ዋጋ ላይ 6 በመቶ ታክስ ተጨመረ፤ ስንት ተከፈለ? 80 ሲቀነስ 20፣ ይቀራል 60፤ የ60 ስድስት በመቶ 3.60፤ መልሱ 63.60። ካልኩሌተር አይፈቀድም። በየቀኑ ሃያ እንዲህ ያለ ጥያቄ በወረቀትና እርሳስ ይሥሩ፤ ሰዓት ይያዙ። ቃላቱን ደግሞ ዝርዝር በመሸምደድ ብቻ አይወጡትም። የጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ እያነበቡ የማያውቁትን ቃል ከነዐረፍተ ነገሩ ደብተር ላይ ይጻፉት። ሁለትና ሦስት ወር ቢሰጡት ልዩነቱ ይታያል።

ፈተናውን «እስኪ ልየው» ብለው አይግቡበት። ከመጀመሪያው በኋላ አንድ ወር፣ ከሁለተኛው በኋላ ሌላ አንድ ወር መጠበቅ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ሙከራ ስድስት ወር ነው። ውጤቱ ለሁለት ዓመት ያገለግላል። ጥሩው ዜና፣ ፈተናውን መፈተን ብቻውን ምንም ግዴታ ውስጥ አያስገባም።

የድጋፍ ደብዳቤን በተመለከተ ሐበሻው በብዛት የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ፣ ከኮሚዩኒቲ ሽማግሌ፣ ከቤተሰብ ወዳጅ «ጨዋ ልጅ ነው» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ክብራቸው እንዳለ ሆኖ፣ ቦርዱ ማንበብ የሚፈልገው ሥራዎን ያየ ሰው ስለ ሥራዎ የጻፈውን ነው፦ የሥራ አለቃዎን፣ ያስተማረዎትን ፕሮፌሰር፣ የሚያውቅዎትን በሥራ ላይ ያለ ወይም ጡረታ የወጣ መኮንን። ለጸሐፊው ሪዙሜዎን ይስጡትና ቢያንስ አንድ ተጨባጭ ነገር እንዲጠቅስ ይለምኑት፤ ስንት ሰው መርተዋል፣ ምን ዓይነት ኃላፊነት ተሰጥቶዎት ነበር፣ ሲበላሽ እንዴት አስተካከሉት።

ከዚያ ቃለ መጠይቁ ይመጣል። ከመኮንኖቹ ፊት ሲቀመጡ ጂፒኤው መነሣቱ አይቀርም። እዚህ ላይ ሰው በሁለት መንገድ ይወድቃል። አንዱ ምክንያት ይደረድራል፦ አስተማሪው፣ ቋንቋው፣ የቤት ችግሩ። ሌላው አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ይጠይቃል። ሁለቱም አይበጁም። አንድ ዐረፍተ ነገር ለምክንያቱ፣ የቀረው ለተለወጠው ነገር ይሁን። ለምሳሌ፦ «በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በሳምንት 35 ሰዓት እየሠራሁ ሙሉ ኮርስ ወስጄ ነበር፤ ያ ውሳኔ የኔ ነበር። በሦስተኛው ዓመት የሥራ ሰዓቴን ቀንሼ በየሳምንቱ ከአስተማሪዎቼ ጋር መገናኘት ጀመርኩ፤ የመጨረሻዎቹ 60 ክሬዲቶች 3.0 ናቸው፤ ጂቲዬ 121 ነው።» ይህን መልስ በእንግሊዝኛ ጮክ ብለው ይለማመዱት፤ ከአንድ ደቂቃ መብለጥ የለበትም። ቁልፉ «ውሳኔው የኔ ነበር» የምትለዋ ናት። መኮንን ማለት ለሆነው ሁሉ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ነው፤ ጠያቂዎቹም ይህንኑ ይፈትሻሉ።

ሰውነትዎንም ከአሁኑ ያዘጋጁ። ምድር ጦር ከ2025 ጀምሮ የሚጠቀምበት ፈተና አምስት ክፍል አለው፦ ክብደት ከመሬት ማንሣት፣ እጅ ከመሬት የሚነሣበት ፑሽአፕ፣ እየሮጡ መጎተትና መሸከም፣ ፕላንክ፣ እና የሁለት ማይል ሩጫ። ከየአንዳንዱ ቢያንስ 60፣ በድምሩ 300 ያስፈልጋል፤ ጣሪያው 500 ነው። በጂፒኤ የተበለጠ ሰው እዚህ 300 ላይ መቆም የለበትም።

ከተመረጡ በኋላ መንገዱ እንዲህ ነው፦ 10 ሳምንት መሠረታዊ ወታደራዊ ሥልጠና፣ ከዚያ በጆርጂያ ፎርት ቤኒንግ 12 ሳምንት ኦሲኤስ፣ ከዚያ በምክትል መቶ አለቃነት ሹመት። ከሹመቱ በኋላ ሦስት ዓመት በመደበኛ ጦር ያገለግላሉ፤ ጠቅላላ ግዴታው ሪዘርቭን ጨምሮ ስምንት ዓመት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ ዲግሪውን ጨርሷል፣ ውጤቱ መካከለኛ ነው። ሪክሩተሩ «አሁን በወታደርነት ፈርም፤ ዲግሪ ስላለህ ትንሽ ቆይተህ መኮንን ትሆናለህ» ብሎታል። ሰኞ ሊፈርም ነው። ምን ልበለው? (እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ እናታችን፣ ሰኞ እንዳይፈርም ይንገሩት። ሥራው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የሚፈርመው ምን እንደሆነ በወረቀት ስላላየ ነው።

በወታደርነት መግባትና በኦሲኤስ መግባት ሁለት የተለያዩ ውሎች ናቸው። በምድር ጦር ለኮሌጅ ምሩቃን የተዘጋጀው የኦሲኤስ ምርጫ 09ኤስ የሚል ኮድ አለው። አመልካቹ በቅድሚያ ቦርድ ፊት ይቀርባል፣ ይመረጣል፣ ከዚያ ኮዱ በውሉ ላይ ይሰፍራል። ልጅዎ ቦርድ ሳይቀርብ ውል ከተዘጋጀለት፣ የተዘጋጀለት የተራ ወታደር ውል ነው። ዲግሪ ስላለው በስፔሻሊስት ማዕረግ ይጀምራል፤ ይህ ከሌሎቹ ከፍ ያለ ደመወዝ ነው፣ መኮንንነት ግን አይደለም። ከገባ በኋላም ማመልከት ይችላል፤ ነገር ግን በአለቆቹ በኩል፣ እነሱ ደግፈውለት፣ እንደገና ተወዳድሮ ነው። «ትንሽ ቆይተህ» የሚል መብት የለም።

የውሉ ዋና ቅጽ ዲዲ 4 ይባላል፤ ከኋላው አባሪዎች አሉት። የተገባለት ቃል ሁሉ እዚያ ላይ መኖር አለበት፤ ያልተጻፈ ቃል የለም። ልጅዎ ሪክሩተሩን «የኦሲኤስ ፋይል አስጀምርልኝ፤ የሚቀጥለው ቦርድ መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቀው። በምድር ጦር ያው ሪክሩተር ሁለቱንም ይሠራል፤ በባሕር ኃይልና በአየር ኃይል ግን ለመኮንን የተለየ ሪክሩተር አለ፤ ማሪንም የራሱ የመኮንን መራጭ ቢሮዎች አሉት። በገበያ ማዕከል ያለው ቢሮ ውስጥ የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ ወታደር የሚቀጥረውን ነው። አንዱ ቢሮ ፋይሉን ለመክፈት ካንገራገረ ወደ ሌላ ቢሮ መሄድ ይቻላል።

ደብዳቤያችን ሳይደርስዎት ፈርሞ ከሆነ አይደንግጡ። መጀመሪያ የሚፈረመው በአብዛኛው የዘገየ መግቢያ በሚባለው ፕሮግራም ነው። ወደ ሥልጠና በሚሄድበት ቀን ሁለተኛ ቃለ መሐላ እስኪፈጽም ድረስ በጽሑፍ አመልክቶ መውጣት ይችላል፤ ቅጣት የለውም። ከሁለተኛው መሐላ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል።

አንድ ነገር እንጨምር። በወታደርነት ጀምሮ መኮንን መሆን የተከበረ መንገድ ነው። ከአራት ዓመት በላይ በወታደርነት ያገለገለ ሰው ሲሾም ደመወዙ ልክ እንደሱ ከተሾመው አዲስ መኮንን ይበልጣል። ይህን አውቆ ከመረጠው መልካም፤ ሳያውቅ እንዲገባበት ግን አንፈልግም።

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ፤ 75 ክሬዲት ጨርሻለሁ፣ ጂፒኤዬ 2.3 ነው። ተመርቄ ኦሲኤስ ልጠብቅ ወይስ አሁን አርኦቲሲ ልግባ? (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ አሁን አርኦቲሲ ይግቡ፤ ይህ ኮሌጅ እየተማሩ ጎን ለጎን የሚወሰድ የመኮንንነት ሥልጠና ነው። ተማሪ እያሉ ያለው በር ከምረቃ በኋላ ካለው ይሰፋል።

የምድር ጦር አርኦቲሲ ውል ለመፈረም የሚጠይቀው 2.0 ነው፤ ስኮላርሺፕ ከፈለጉ 2.5። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ስላልተከታተሉ በበጋ ወደ ፎርት ኖክስ፣ ኬንተኪ ሄደው አንድ ወር ገደማ የሚፈጀውን መነሻ ካምፕ ይወስዳሉ፤ ከዚያ የቀሩትን ሁለት ዓመታት ይቀጥላሉ። ለዚህ ሁለት ሙሉ የትምህርት ዓመት ሊቀርዎት ይገባል። የቀረዎት 45 ክሬዲት ሁለት ዓመት ስለማይሞላ ሜጀርዎ ላይ ማይነር ጨምረው ማርዘም ይችላሉ። ሌላው አማራጭ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ አርኦቲሲን በማስተርስ ፕሮግራም ላይ ሆኖ መማር ይቻላል። በባችለር 2.5 የጨረሰ ሰው ሁለት ዓመት ማስተርሱን ሲማር ጎን ለጎን ካዴት ይሆናል። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የምድር፣ የባሕርና የአየር ኃይል አርኦቲሲዎች ሦስቱም አሉ። በዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ተመልከቱ። የራሳችሁ ኮሌጅ ፕሮግራሙ ባይኖረውም ስምምነት ካለው ጎረቤት ዩኒቨርሲቲ ሄዶ መከታተል የተለመደ ነው፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተስማማ ከፕሮግራሙ ቢሮ ይጠይቁ።

በእርስዎ ቦታ ሆኖ ጂፒኤ ማሳደግ ገና ትርጉም አለው። 75 ክሬዲት በ2.3 ማለት 172.5 ነጥብ ነው። በቀረው 45 ክሬዲት 3.4 ቢያመጡ 153 ይጨመርና 325.5 ለ120፣ ማለትም 2.71 ይሆናል። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስን በአንድ ሴሚስተር አይደርድሯቸው። ዲ የመጣበትን ኮርስ አሁኑኑ ይድገሙት።

ማሪንን ካሰቡ ለተማሪዎች ፒኤልሲ የሚባል መንገድ አለ። ለሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሥልጠናው በበጋ በኳንቲኮ፣ ቨርጂኒያ 10 ሳምንት ነው። የሚጠይቀው ውጤት ሲ ገደማ፣ ማለትም 2.0 ሲሆን የፈተና ነጥብ ግን ይፈልጋል፦ በኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎቹ ኤስኤቲ 1000 ወይም ኤሲቲ 22፣ አለዚያም ኤኤፍኪውቲ 74። ሥልጠናውን ጨርሰው እንኳ ሹመቱን ካልተቀበሉ የአገልግሎት ግዴታ የለብዎትም። በማሪን ዘንድ ግን ሩጫና ፑልአፕ ከትራንስክሪፕት ይበልጥ ይናገራሉ። የሰውነት ፈተናው ከ300 ይታረማል፤ ሦስት ማይል በ18 ደቂቃ የሮጠ ወንድ በሩጫው ሙሉውን 100 ያገኛል። ለዓመታት ሲሮጡ የኖሩ ከሆነ ደካማውን ጂፒኤ የሚያካክሱበት ቦታ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ በዲቪ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ግሪን ካርድ አለኝ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ኢንጂነሪንግ በ2.6 ተመርቄአለሁ። ኦሲኤስ ማመልከት እችላለሁ? (ከዳላስ፣ ቴክሳስ)

መልስ፦ ዛሬ አይችሉም። የሚያግድዎት 2.6 ሳይሆን ዜግነቱ ነው። በግሪን ካርድ በወታደርነት መግባት ይቻላል፤ በመኮንንነት መሾም አይቻልም። ሁለት ምርጫ አለዎት። አንደኛው አምስት ዓመቱን ጠብቆ ዜጋ ሆኖ ማመልከት። ሁለተኛው አሁን በወታደርነት ገብቶ በአገልግሎቱ ምክንያት ዜግነት መጠየቅ፤ ለዚህ ኤን 400 ቅጽን ያለ ክፍያ ይሞላሉ፤ አገልግሎትዎን የሚያረጋግጠውን ኤን 426 ደግሞ ጦሩ ይፈርምልዎታል። ዜግነቱ ሲመጣ ከሚያገለግሉበት የጦር ክፍል ሆነው ለኦሲኤስ ያመለክታሉ። ጂቲ ከ110 በታች ሆኖ ከገቡ ጦሩ ውስጥ ቢሴፕ የሚባል የማሻሻያ ትምህርት አለ፤ ከእሱ በኋላ እንደገና መፈተን ይቻላል። በግሪን ካርድ ሲገቡ የደኅንነት ማጣሪያ የሚጠይቁ ሙያዎች ዝግ መሆናቸውን ግን ይወቁ።

እስከዚያው የሚሠራ ሥራ አለ። ዲግሪዎ ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል መሆኑን ናሲስ የተባለው የገምጋሚዎች ማኅበር አባል የሆነ ድርጅት ማረጋገጥ አለበት፤ ደብልዩኢኤስ አንዱ ነው። ኮርስ በኮርስ የሚዘረዝረውን ዓይነት ግምገማ ይጠይቁ፤ ጂፒኤው የሚሰላው በዚያ ነው። ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክ ስለሚፈለግ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ወኪል አድርገው ይጀምሩት፤ ብዙ ጊዜ የሚጓተተው እዚያ ላይ ነው። ስምዎንም ይመልከቱ። በዲግሪው ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አለ፤ በግሪን ካርዱ ላይ የአባት ስም መካከለኛ ሆኖ የአያቱ መጨረሻ ላይ ሊሆን ይችላል፣ የፊደል አጻጻፉም ሊለያይ ይችላል። የልደት ቀንም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀየር ተሳስቶ የገባባቸው ሰነዶች ይገኛሉ። ይህን ከማመልከትዎ በፊት ያስተካክሉ።

ጥያቄ፦ እናትና አባቴ ባሕር ዳር ናቸው፤ በየወሩ ገንዘብ እልክላቸዋለሁ። ዜግነት ከወሰድኩ በኋላ ቢጫ ካርድ አውጥቻለሁ። ሀገር ቤት በሄድኩበት ጊዜም ከጓደኞቼ ጋር ጫት ቅሜ አውቃለሁ። በደኅንነት ቅጹ ላይ ይህን ሁሉ ብጽፍ አይጥለኝም? ጂፒኤዬም 2.5 ነው። (ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ ወላጆች መኖራቸውና መርዳትዎ በራሱ አይጥልዎትም። የሚጥለው መደበቅ ነው። ኤስኤፍ 86 በሚባለው ቅጽ ላይ አውቆ ሐሰት መጻፍ በፌዴራል ሕግ እስከ አምስት ዓመት እስራት ያስከትላል። እውነቱን ለጻፈ ሰው መርማሪው ይጠይቃል፣ ይመዝናል፤ የዋሸውን ግን ጂፒኤው 4.0 ቢሆንም አያድነውም።

ቅጹ በውጭ ሀገር ላለ ሰው የገንዘብ ድጋፍ አድርገው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። የላኩበትን ድርጅት ታሪክ አውርደው በየዓመቱ ምን ያህል እንደላኩ ደምሩት፤ ለማን እንደሆነ ይጻፉ። ወላጆችና ወንድም እህቶች ዜግነታቸውና አድራሻቸው ይገባል። ያለፉት ሰባት ዓመታት የውጭ ጉዞዎች ከነቀናቸው ይፈለጋሉ፤ ፓስፖርትዎ ላይ ያለውን ማኅተም ይዩ። ቀድሞ የነበረዎትን የኢትዮጵያ ፓስፖርትም ይጠይቃል፤ ቁጥሩንና የተሰጠበትን ቀን ከአሮጌው ደብተር ይገልብጡ። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነትን ስለማይቀበል የአሜሪካ ዜግነት ሲወስዱ የኢትዮጵያውን አጥተዋል። ቢጫ ካርዱ ዜግነት አይደለም፤ ቢሆንም የውጭ መንግሥት የሰጠዎት ሰነድና ጥቅም ስለሆነ ምን እንደሚፈቅድልዎት ገልጸው ይጻፉት። በስምዎ ባሕር ዳር ቤት ወይም መሬት ካለ እሱም ይገባል።

ጫቱን በተመለከተ፦ ሀገር ቤት ሕጋዊ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ግን በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ በመጀመሪያው ጥብቅ መደብ የተመዘገበ ንጥረ ነገር ነው። ቅጹ ላለፉት ሰባት ዓመታት ይጠይቃል። ስንት ጊዜ፣ የት፣ የመጨረሻው መቼ እንደነበር በግልጽ ይጻፉ፤ በዚያ ሀገር የተፈቀደ መሆኑን አስተያየት በሚሰጥበት ቦታ ያስገቡ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ አይቃሙ። ሠርግም ይሁን በዓል፣ ማመልከቻ ላይ ያለ ሰው ምክንያት የለውም።

ሐበሻ የማይጠረጥረው ነገር ዕዳ ነው። ከ120 ቀን በላይ ያለፈበት ያልተከፈለ ሂሳብ፣ በተለይም የተቋረጠ የተማሪ ብድር፣ ከውጭ ዘመድ ይልቅ ብዙ ሰው ያደናቅፋል። የክሬዲት ሪፖርትዎን ያውጡ፤ ዕዳ ካለ የክፍያ ስምምነት ፈርመው፣ ጥቂት ወር ከፍለው፣ ደረሰኙን ይያዙ።

ጥያቄ፦ ለባሕር ኃይል ኦሲኤስ ኦኤአር ፈተና ሁለት ጊዜ ወስጄ 38 ላይ ቀረሁ። ጂፒኤዬ 2.7 ነው። ሦስተኛውን አሁኑኑ ልውሰድ? (ከሲያትል)

መልስ፦ አይውሰዱ። ኦኤአር በሕይወት ዘመን የሚፈቀደው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው በኋላ 90 ቀን ካለፈ ነው የሚፈቀደው። የመጨረሻው ነጥብ የቀደመውን ስለሚተካ ዝቅ ቢል ዝቅ ያለው ይቀራል።

መጀመሪያ የሚፈልጉት የሥራ ዘርፍ የሚጠይቀውን ይወቁ። ባሕር ኃይል ለእያንዳንዱ ዘርፍ የተለየ የመግቢያ ሰነድ አለው፤ ጂፒኤው፣ ኦኤአሩ፣ ዕድሜው፣ የትምህርት ዓይነቱ እዚያ ተጽፏል። ለአንዱ ያነሰ ነጥብ ለሌላው ሊበቃ ይችላል። የመኮንን ሪክሩተሩ ሰነዱን እንዲያሳይዎት ይጠይቁና ሁለትና ሦስት ዘርፍ መርጠው በአንድ ላይ ያመልክቱ።

ፈተናው ሒሳብ፣ ንባብና መካኒክስ ነው፤ ሒሳቡ እንደ መልስዎ እየከበደ ስለሚሄድ መጀመሪያ ላይ በችኮላ የሚሳሳት ሰው ነጥቡ ወዲያው ይወርዳል። ከ120 ቀን ያላነሰ ጊዜ ይስጡት፤ ሎጋሪዝም፣ የፕሮባቢሊቲ ስሌትና የተደራረቡ ፐርሰንቶችን ይሥሩ። መካኒክሱ ላይ ፑሊ፣ ጊር፣ ሊቨርና የፈሳሽ ግፊት ይደጋገማሉ፤ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መጽሐፍ ይበቃል። በልምምድ ፈተና በተከታታይ ከፍ ያለ ውጤት ሳያዩ ቀን አይያዙ።